የእትዬ ግፊት ዲናሞ

መጀመሪያ ብሎኖቹን በጣቷ ብቻ አስገባቻቸው። ብሎን በጣት መጀመር አለበት። በጣት እምቢ ካለ ጠሞ ገብቷል ማለት ነው፤ ቁልፍ ለማንሳት የቸኮለ ሰው ደግሞ ጥርሱን በልቶት ቁጭ ይላል። ሁለቱም ለስለስ ብለው ሲገቡ ከብስክሌቷ የፊት ጎማ ጎን ተንበረከከችና ጎማ ሲያዞራት መብራት የምታመነጨውን፣ ትንሽ ጡጦ የምታህለውን ዲናሞ ጎማውን በሚያቅፈው ብረት ላይ አስጠጋቻት። አናቷ ላይ ያለችው ጥርሳም መዘውር የጎማውን ጎን ለመንካት ያህል ትንካ እንጂ መጫን የለባትም። ከዲናሞዋ ጀምራ እስከ ጎማው እምብርት ክር ወጠረች። ክሩ ከዲናሞዋ ወገብ ጋር እኩል ካልሄደ መዘውሯ ጎማውን እየፋቀች ትጨርሰዋለች። ትንሽ ወደ ግራ ገፋ አድርጋ እንደገና ወጠረች። ገጠመ።

«እሰይ» አለች ለራሷ።

ከዚያ ቁልፉን አነሳች። አንዱን ብሎን ግማሽ ዙር፣ ሌላውን ግማሽ ዙር፣ እያፈራረቀች አጠበቀች። በመጨረሻ የቀረችው ዲናሞዋን ከብረቱ ጋር በሚያያይዘው ማሰሪያ መሃል የምትገባ አንዲት አጭር፣ ጫፏ እንደ እሾህ የሾለ ብሎን ናት። እሷን በካቻቢቴ ስትነዳት ቀለሙ ውስጥ ገብታ «ቀጭ» አለች።

«ኧረ በፈጠረሽ!» አለ ባሏ ከበሩ ላይ።

«ምነው? ጣትህን ነካሁህ?»

«ጣቴን ብትነኪኝ ይሻለኝ ነበር።»

ባሏ መኪና ቀለም ቀቢ ነው፤ የተጋጨ መኪና አዲስ ሲያስመስል ዕድሜውን ጋራዥ ውስጥ የፈጀ። ራቁቱን የቀረ ብረት ማየት አይሆንለትም። የጎረቤት በር ላይ ዝገት ካየ ሰላምታውን ረስቶ በጥፍሩ መፋቅ ይጀምራል። ይህችንም ብስክሌት ለሚስቱ የቀባት እሱ ነው። የድሮውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ አወረደ፣ ዝገት መከላከያ ቀባ፣ ስቱኮ ሞላ፣ አለሰለሰ፣ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ደጋግሞ ረጨ፣ በላዩ ላይ መስታወት የመሰለ ቫርኒሽ ደፋባት። አንዲት ብሎን እንኳ አላመለጠችውም። ሠፈሩ ውስጥ ሰው ፊቱን አይቶ ፀጉሩን የሚያበጥርባት ብስክሌት ይህች ብቻ ናት።

«ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው?» አለ ጠጋ ብሎ ጎንበስ እያለ። «ሰው በሚያየው በኩል?»

«ዲናሞ ኪስ ውስጥ አይሠራም።»

«እሺ ይቺን ሹሏን ብቻ ተያት። ሌሎቹ ይዘውታል እኮ።»

«የሸጠልኝ ጎሚስታ ዋናዋ እሷ ናት ብሏል።»

«ጎሚስታ ስለ ቀለም ምን ያውቃል?»

«አንተስ ስለ መብራት ምን ታውቃለህ?»

ባሏ እጁን አጣምሮ ቆመ። እሷ ሥራዋን ቀጠለች። መብራቱን ከመሪው በታች አሰረች። ከዲናሞዋ የወጣችውን አንዲት ሽቦ በፍሬኑ ገመድ ላይ እየጠመጠመች አወጣቻት፤ መሪው ሲዞር እንዳትወጠር ትንሽ ላላ አድርጋ ተወችላት። ከዚያ የብስክሌቷን ፊት ከፍ አድርጋ ይዛ ጎማውን በመዳፏ መታችው። ዲናሞዋ «ዝዝዝ» ስትል፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ግድግዳው ላይ ነጭ ክብ ወጣ። ጎማውን ያዘችው። ጎማው ቆመ፣ መብራቱ ግን ደብዘዝ ብሎ ማብራቱን ቀጠለ፤ ውስጡ ቆሞ ለመጠበቅ የሚሆን ትንሽ ማጠራቀሚያ አለው።

«አየኸው?» አለች።

ባሏ ግን የሚያየው ግድግዳውን አልነበረም። ዓይኑ ሹሏ ብሎን የነከሰችው ቦታ ላይ ነበር።

በሥራ ቦታዋ «እትዬ ግፊት» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በከተማው የውኃ ፓምፕ ቤት ነው። ሌላው ሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» ይላል፤ እሷ «ግፊቱ ስንት ነው?» ትላለች። ሰላምታው የሚመጣው የግፊት መለኪያውን ካየች በኋላ ነው። የምትሠራው በሌሊት ፈረቃ ነው። ከተማው ሲተኛ ቧንቧ የሚከፍት ሰው ይቀንሳል፣ ያኔ ፓምፑ ውኃውን ኮረብታው ላይ ወዳለው ጋን ይገፋል፤ ሰው ጠዋት ፊቱን የሚታጠበው እሷ ሌሊት በሞላችው ነው። ፓምፑን በጆሮዋ ታውቀዋለች። አየር ሲስብ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ኩሽኔታው ቅባት ሲጠማው ያፏጫል። ደህና ሲሆን ደግሞ እንደ ጠገበ ድመት ያንኮራፋል፤ እሷም ያኔ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ትቀመጣለች።

ከዚህ በፊት ቆጣሪ አንባቢ ነበረች። ከቤት ቤት እየዞሩ፣ በር እያንኳኩ፣ ቁጥር ማንበብ ነው ሥራው። «የሚጮህ ውሻ አይናከስም ያለ ሰው ቆጣሪ አንብቦ አያውቅም» ትላለች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክር ነው። ፓምፕ ቤት የገባች ዕለት ውሻ የሌለበት ግቢ ዞራ ዞራ አይታ፣ «ከዚህ የሚያወጣኝ ጡረታ ብቻ ነው» አለች። ቃሏም ቃል ነው።

ችግሩ መንገዱ ነው። ፓምፕ ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ አውቶቡሱ የሚደርሰው የመንገድ መብራት እስካለበት መታጠፊያ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ በአንድ ወገን የውኃ ቦይ፣ በሌላው ወገን ሜዳ የሆነ ቀጥ ያለ ጨለማ መንገድ አለ። ያንን መንገድ ለዓመታት ያለፈችው በእጅ ባትሪ ነው። ባትሪውን በውስጥ ጎማ ቁራጭ መሪው ላይ ታስረዋለች፤ ጉድጓድ በዘለለች ቁጥር አንገቱን ደፍቶ የገዛ ጎማዋን ያበራላታል። የባትሪው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ በጥርሷ ነከስ ታደርገዋለች፤ እንዲያ ተለምኖ የሚሰጠው ብርሃን ግን ከክብሪት አይሻልም።

አንድ ማታ ከፊቷ መኪና መጣ፣ ረጅም መብራቱን እንዳበራ። ዓይኗ ነጭ ሆነ። የእሷን መብራት ባለመኪናው አላየውም፤ ቢያየውም እሳት የያዘ ሲጋራ ይመስለው ነበር። መንገዱ የት እንዳለ በግምት ያዘች፣ ግምቱ ቦዩ ውስጥ ከተታት። ክንዷን ሐኪም ሰፋላት። የተቀደደውን እጅጌዋን ደግሞ ልጇ ሰፋችው።

ልጇ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቷ ከእናቷ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ። እጅጌውን ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሸሚዙን እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ክንድሽን ሐኪም ሰፋው፣ እጅጌውን እኔ ሰፋሁት። ከዚህ በኋላ ክር የለኝም፣ እማዬ። ወይ ደህና መብራት አድርጊ፣ ወይ ወደ ቀን ሥራ ተመለሽ። አለዚያ ራሴ ሄጄ ለኃላፊሽ እነግረዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እናቴ የምታየው በጆሮዋ ነው፣ በዓይኗ አይደለም ብዬ።»

እትዬ ግፊት ሳቀች፤ ግን ልጅቷ እንዳልቀለደች ገባት። በማግስቱ ጎሚስታው ዘንድ ሄደች።

ጎሚስታው ጎማ ሲነፋ የሚያወራ፣ ሲያወራ የሚነፋ ሰው ነው። ዲናሞዋን ከመደርደሪያ አውርዶ እንደ ሙሽራ ገለጠላት።

«እትዬ፣ ይቺ ድንጋይ አትበላም። የምትበላው የርስዎን እግር ነው። እግርዎ እስካለ መብራት አለ።»

«ሽቦዋ አንድ ብቻ ናት?»

«አንድ ይበቃታል። ሽቦዋ መሄጃዋ ናት፤ መመለሻዋ የሳይክሉ ብረት ራሱ ነው። ኤሌክትሪክ እንደርስዎ ነው፣ እትዬ። ማታ ሄዶ ጠዋት ቤቱ መመለሻ ካጣ፣ በነጋታው ንቅንቅ አይልም። ለዚህ ነው ይቺ ሹል ብሎን ቀለሙን አልፋ ብረቱን መንከስ ያለባት። አይራሩላት።»

አልራራችም። ነከሰች። መብራቱም በራ። እጇን ታጥባ፣ ማታ ለሥራ ስለምትነሳ መጋረጃውን ጋርዳ ተኛች።

ማታ ስትወጣ ሰማዩ ገና ሙሉ በሙሉ አልጨለመም ነበር። ከተማው ውስጥ የመንገድ መብራት ስላለ ዲናሞዋን ጎማውን አላስነካቻትም። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብላ የዲናሞዋን ማንሻ ጫነችው፤ መዘውሯ ጎማው ላይ ተለጠፈች። «ዝዝዝ» አለች። ድምፁ ደስ ይላል፣ የትንሽ ፓምፕ ድምፅ ነው። መብራት ግን የለም። ፍጥነት ጨመረች። ዝዝታው ጨመረ፣ ጨለማው እንዳለ ነው። ወረደች፣ ሽቦዋን በጣቷ ተከተለቻት፣ አልተበጠሰችም። መብራቱን መታ መታ አደረገችው። ምንም።

ባትሪዋን በኩራት ቤት ጥላው መጥታለች። ያለ መብራት መንዳት የት እንደሚከት ክንዷ ላይ ያለው ስፌት ራሱ አስታወሳት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላ ብስክሌቷን እየገፋች፣ የቦዩን የውኃ ድምፅ በአንድ ወገኗ እያደረገች በእግሯ ሄደች።

የፈረቃ ኃላፊው በሩ ላይ ኮቱን ለብሶ ቆሞ ነበር። የማታ ተረኛ ሳይመጣ ቁልፉን ጥሎ መሄድ አይችልም፤ ቤቱ ራት የሚጠብቁት ልጆች አሉት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ደክሞታል እንጂ።

«እትዬ ግፊት፣ እኔም እኮ ቤት አለኝ።»

«ይቅርታ ልጄ። መብራቱ እምቢ አለኝ።»

«ባለፈው ቦይ ገቡ፣ ዛሬ ደግሞ በእግር መጡ።» ፊቱን አሻሸ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ ሌሊት ስለርስዎ እያሰብኩ ነው የምተኛው። ነገ ማታ በሰዓቱ በሳይክልዎ ካልደረሱ ወደ ቆጣሪ ንባብ እመልስዎታለሁ። ለርስዎም የሚሻል ይመስለኛል።»

«ለእኔ የሚሻለውን ውሾቹን ጠይቃቸው።»

ሳቀ፣ ግን ቃሉን አላነሳም። እሷም እንደማያነሳ አወቀች። ቁልፉን ተቀበለች፣ የግፊት መለኪያውን አየች፣ ከዚያ «ደህና እደር» አለችው።

ፓምፑ ማንኮራፋት ሲጀምር ብስክሌቷን ወደ ውስጥ አስገባችና ከአምፖሉ ሥር አቆመቻት። የተበላሸ ነገር ፊት ቆሞ መብሰልሰል ልማዷ አይደለም፤ ከአንድ ጫፍ ተነስታ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ዲናሞዋ ትዞራለች? ትዞራለች። ሽቦዋ ደህና ናት? ደህና ናት። መብራቱስ? ቀን በርቷል። እንግዲህ መሄጃው ሁሉ ደህና ከሆነ የቀረው ምንድን ነው? የጎሚስታው ቀልድ ትዝ አላት። መመለሻው።

ከመሣሪያ መደርደሪያው ቁራጭ ሽቦ አወጣች፣ ሁለቱን ጫፎች ላጠች። አንዱን ጫፍ የዲናሞዋ ገላ ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ብረት ላይ ይዛ ጎማውን በክርኗ መታችው። የፓምፕ ቤቱ ግድግዳ ቦግ አለ።

«አሃ!» አለች። «መሄዱን ሄደሻል፤ ቤትሽን ማን ዘጋብሽ?»

ካቻቢቴዋን አንስታ ወደ ማሰሪያው ስትጠጋ መጀመሪያ ያስተዋለችው ሹሏ ብሎን አለመኖሯን ነው። በቦታዋ ጫፉ ዱልዱም የሆነ ሌላ ብሎን ገብቷል። ቀጥሎ ያየችው ዲናሞዋ ጠዋት በክር ለክታ ካስቀመጠቻት ቦታ ተንሸራታ ወደ ጎማው ራጆች፣ እምብርቱን ከክቡ ጋር ወደሚያያይዙት ቀጫጭን ዘንጎች፣ መጠጋቷን ነው። ማሰሪያውን ፈታችው። ከሥሩ፣ በማሰሪያውና በሰማያዊው ቀለም መካከል፣ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ተነጥፏል። እንዲሁ የተቀደደ ቁራጭ አይደለም። ልክ በማሰሪያው መጠን የተቆረጠ፣ አራቱም ማዕዘኖቹ በስለት ክብብ የተደረጉ፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ ቁራጭ ነው።

በዚህ ዓለም ለተደበቀ ጎማ ማዕዘን የሚያከብብ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ያም ሰው እሷ መጋረጃ ጋርዳ ስትተኛ ግቢው ውስጥ ቀርቷል።

ጠዋት ቤት ስትገባ ባሏ ሻይ እየጠጣ ነበር። ደህና አደርክ አላለችም። የጎማውን ቁራጭ ከኪሷ አወጣችና ከብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠችው።

ባሏ ቁራጩን አየ። ብርጭቆውን አየ። መስኮቱን አየ።

«ምንድን ነው?» አለ።

«አንተ ንገረኝ። አቆራረጡ አያምርም?»

«ያምራል» አለ ሳያስበው። ከዚያ አፉን በመዳፉ ያዘ።

«ሹሏ ብሎን የታለች?»

ከሸሚዙ የደረት ኪስ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለች ብሎን አወጣ። እሷ እየተናደደች ሳቋ መጣባት፤ ሰውዬው ብሎኗን እንደ ወለቀ ጥርስ ጠቅልሎ ይዟታል።

«ቀለሙ እንዳይቆስል ብዬ ነው» አለ። «በዚያች ቀዳዳ ውኃ ይገባል፣ ዝገት ይጀምራል፣ ከሥር ከሥር እየበላ ይሄዳል። እኔ መብራቱ ጎማ ይጠላል ብዬ በየት በኩል ልጠርጥር? ይበልጥ ይይዘዋል ብዬ እኮ ነው!»

«ሲያጌጡ ይመላለጡ ነው ነገሩ። መብራቱ መመለሻ አጣ። እኔ በእግሬ ሄድኩ። ዛሬ ማታ በሰዓቱ ካልደረስኩ ወደ ውሾቹ እመለሳለሁ።»

«ታዲያ ሁለተኛ ሽቦ አድርጊበታ! ቀለሜን ለምን ታስነክሺዋለሽ?»

«እሱን አስቤዋለሁ። አሁንም በሽቦ አስሬ ነው የመጣሁት፤ ግን መብራቱ ብቻ አይደለም ነገሩ።» ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ጎማ ላይ የተቀመጠ ነገር ይሸሻል። ዲናሞዋ በአንድ ጉዞ ብቻ ይህን ያህል ወርዳለች።» በሁለት ጣቶቿ አሳየችው። «ትንሽ ብትጨምር ራጁ ውስጥ ትገባ ነበር። ጎማው በሩጫ ላይ ሳለ ቀጥ ይላል። እኔ በመሪው ላይ እዘላለሁ። በዚያ ጨለማ።»

ባሏ ብርጭቆውን ሊያነሳ የዘረጋውን እጅ መለሰ። ቀስ ብሎ ዓይኑ ክንዷ ላይ፣ ገና መቅላቱን ያልተወው ስፌት ላይ ወረደ።

«ሞረዱን አምጪው» አለ።

«እኔ አልፍቅም።»

«ማን አንቺ ፍቂ አለሽ? የእኔን ቀለም ከእኔ በቀር ማንም አይፍቅም።»

ግቢ ወጡ። ልጃቸው የመብራቱን ነገር ለመስማት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ስታይ አባቷ ተንበርክኮ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ ያንን መስታወት የመሰለ ቀለም ይሞርዳል።

«አባባ ምን ሆኖ ነው? ታሟል?»

«እየተፈወሰ ነው» አለቻት እናቷ።

የፋቀው ቦታ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ብረቱ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ፊቱን አጨፈገገ፤ ቢሆንም ሥራውን ያውቃል፣ ዙሪያውን ቀለሙ እንዳይላጥ ስስ አድርጎ አዋረደው። ማሰሪያውን ባዶ ብረት ላይ አስቀመጠ። ሹሏን ብሎን ከጨርቋ ፈትቶ ለሚስቱ ሰጣት። እሷ ክሩን ወጥራ ቦታውን አረጋገጠችና ነዳቻት። «ቀጭ» አለች። በዚህኛው ጊዜ «ኧረ በፈጠረሽ» ያለ የለም። ሁሉም ከጠበቀ በኋላ ባሏ ትንሽ ብሩሽ አምጥቶ የማሰሪያውን ጠርዝ ዙሪያውን በቫርኒሽ ዘጋው፤ ውኃ በየት በኩልም እንዳይገባ።

«ይኸውልሽ» አለ። «አንቺ ነከስሽ፣ እኔ አሸግኩት። እንዲህ ብትይኝ ኖሮ ትናንት እሠራው ነበር።»

«ብጠይቅህ ኖሮ ትናንት ለቅሶ ትቀመጥ ነበር።»

ያን ቀን ስትተኛ የብሎን ቁልፉንና ካቻቢቴዋን ትራሷ ሥር አደረገች። ባሏን ስለማታምነው አይደለም። ብሩሹን ነው ያላመነችው።

ማታ ሦስቱም ወጡ፤ ልጅቷ «በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብላ፣ አባቷ ደግሞ «ቫርኒሹ ደርቆ እንደሆነ ልይ» በሚል ሰበብ። አባትና ልጅ የመንገዱ መብራት የሚያልቅበት መታጠፊያ ላይ ቆሙ። መንገዱ ከዚያ እስከ ፓምፕ ቤቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከቆሙበት እስከ ጫፉ ይታያል።

«ካልበራ ትመለሻለሽ» አለች ልጅቷ። «ቃል ግቢልኝ።»

«ካልበራ እመለሳለሁ። ከበራስ?»

«ከበራ ሁለተኛ አልናገርም።»

«እሱን እንኳ አላምንም» አለችና ማንሻውን ጫነችው።

ዝዝዝ። መንገዱ ከፊቷ ተዘረጋ። ሌላ ቃል የለውም። የባትሪው ብርሃን ጎማዋን ብቻ ያሳያት ነበር፤ ይኼኛው ጉድጓዱን ከነጥልቀቱ፣ ድንጋዩን ከነጥላው፣ የቦዩን ጠርዝ ከነሣሩ አወጣላት። ለዓመታት በጭን አጥንቷ የምታውቃቸውን ጉድጓዶች አንድ በአንድ በመልክ ተዋወቀቻቸው። የወደቀችበት ቦታ ስትደርስ ሣሩ አሁንም እንደተጋደመ ነው። አልቆመችም።

ከመንገዱ አጋማሽ አለፍ እንዳለች ከወዲያ ጫፍ ሁለት ረጃጅም መብራቶች ዞረው ወጡ። ዓይኗ ነጭ መሆን ጀመረ። አሁን ግን ግምት ውስጥ አልገባችም። ዓይኗን ወደ መንገዱ ዳር ጣለች፣ ፍሬን ያዘች፣ ቀኝ እግሯን መሬት ላይ አሳርፋ ቆመች። ጎማው ቆመ። ዝዝታውም ቆመ። መብራቱ ግን ደብዘዝ ብሎ አለ፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ ግትር። «እንግዲህ እየኝ» አለች በሆዷ።

ረጃጅሞቹ መብራቶች ዝቅ አሉ። የጭነት መኪና ነበር። ፍጥነቱን ቀንሶ አጠገቧ ሲደርስ ሹፌሩ በመስኮት ብቅ አለ።

«እናቴ! ሞተር ሳይክል መስለሽኝ እኮ ነው!»

«ሞተሩ እኔ ነኝ» አለችው።

ሳቁ መኪናው ካለፈም በኋላ ይሰማ ነበር። ፔዳሉን ረገጠች፤ መብራቱ እንደገና ሙሉ ሆነ።

ፓምፕ ቤቱ በር ላይ ኃላፊው ኮቱን ገና አልለበሰም። ግራ ገብቶት ሰዓቱን፣ ቀጥሎ መብራቱን፣ ቀጥሎ እሷን አየ።

«ዛሬማ ቀድመው መጡ!»

«ግፊቱ ስንት ነው?»

«ደህና ነው» አለ ፈገግ እያለ፣ ቁልፉን ሲያቀብላት። «ውሾቹ ያዝናሉ።»

«ሰላም በልልኝ።»

ከመግባቷ በፊት ብስክሌቷን ወደ መጣችበት አዞረች። መብራቱ እንደበራ ነው። በመዳፏ ሸፈነችው፣ ገለጠችው፤ ሸፈነችው፣ ገለጠችው። ከሩቅ፣ ከመታጠፊያው፣ የልጇ ስልክ መብራት ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ አየች። ወዲያው መብራት የሌላት አሮጌ ስልኳ ጮኸች።

«መሃል ላይ ስትቆሚ ነፍሴ ወጥታ ነበር» አለች ልጅቷ። «መብራቱ አለመጥፋቱን አይቼ ነው የተነፈስኩት።»

«አባትሽስ ምን አለ?»

«ከዚህ ሲያዩት እንኳ ቀለሙ ያበራል አለ።»

ይህ ከሆነ ወዲህ ዝናቡም ጭቃውም መጥቶ ሄዷል። ዲናሞዋ ካለችበት አልተነቃነቀችም። ባሏ የማሰሪያውን ጠርዝ በየጊዜው በብሩሹ ይጎበኛል፤ ዝገት የሚባል እስካሁን አላገኘም፣ ማጣቱንም እንደ ግል ድሉ ይቆጥረዋል። ልጅቷ ሁለተኛ አልናገርም ያለችውን ረስታ አሁን ደግሞ የኋላ መብራት ይጨመር ትላለች። እትዬ ግፊትም ጎሚስታው ዘንድ ጠይቃለች። ሽቦው እንዴት እንደሚያልፍ ከባሏ ጋር እየተነጋገሩ ነው፤ በዚህኛው ጊዜ አስቀድመው።

ለእናንተ ለአንባቢዎች ግን አንድ ነገር አደራ ብላለች፣ በራሷ ቃል እንዲህ ስትል፦

«በማታ መኪና የምትነዱ ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ። መብራቴን አስተካክያለሁ፣ ባሌን ቀለሙን አስፍቄያለሁ። የቀረው የእናንተ ነው። ከፊታችሁ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ዝቅ ብሎ የሚመጣ ነጭ መብራት ስታዩ ሰው ነው፤ ሥራ እየሄደ ወይ ቤቱ እየገባ ነው። ረጅሙን መብራታችሁን ዝቅ አድርጉለት። ብርሃን እንድታበድሩኝ አልጠየቅኳችሁም፤ የእኔ ለእኔ ይበቃኛል። እንዳላይበት ብቻ አታድርጉኝ።»